«እንጀራ ሐሳብ ያቀርባል እንዴ?» የእንግሊዝኛ ግሶች ላይ ርዳታ ፈልጌ

ጥያቄ፦ ከቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ናችሁ? የማስተርስ ጽሑፌን እየጨረስኩ ነው። ትምህርቴ የምግብ ሳይንስ ነው። ርዕሴ እንጀራ ሳይሻግት ስንት ቀን ይቆያል የሚል ነው። ትናንት አማካሪዬ ረቂቁን መለሱልኝ። አራተኛው ምዕራፍ ቀይ በቀይ ሆኗል። ሠንጠረዦቹን አልነኩም። ቁጥሮቹንም አልነኩም። የከበቡት ግሶቹን ነው። «ፕሩቭ» (አረጋገጠ) ያልኩበት ቦታ ሁሉ ቀይ ክብ አለበት። ዘጠኝ ቆጠርኩ። ከመጀመሪያው ክብ ጎን «እንዴት አወቅሽ?» የሚል ተጽፏል። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «ግሶችሽን አለዝቢ፤ ሰጀስት፣ ኢንዲኬት፣ አፒር የሚሉትን ተጠቀሚ» ብለው ፈርመዋል።

የሠራሁትን ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ቤቴ አንድ ሊጥ አቡክቼ፣ አብሲት ጥዬ፣ በአንድ ጠዋት ጋገርኩ። ግማሹን ወዲያው መሶብ ውስጥ ከተትኩ። ግማሹን በፌስታል አድርጌ፣ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥቼ፣ ደሴ እናቴ ቤት አደረስኩ። እዚያም መሶብ ውስጥ ገባ። ጠዋትና ማታ እኔ እዚህ፣ እህቴ እዚያ እያየን መዘገብን። የኮምቦልቻው በሦስተኛው ቀን ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አወጣ። የደሴው እስከ አምስተኛው ቀን ንጹሕ ነበር። ደግሜ ሠራሁት። ያው ሆነ። ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ሞቃት ነው። ታዲያ «ዚስ ፕሩቭስ ዛት» ብዬ ብርድ እንጀራን እንደሚያቆይ ብጽፍ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? በዓይኔ ያየሁት ነገር እኮ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የቃሉ ነው። መዝገበ ቃላት ብከፍት «ሰጀስት» ማለት «ሐሳብ አቀረበ» ይላል። እንጀራ ሐሳብ ያቀርባል እንዴ? «ኢንዲኬት» አመለከተ ነው። «ሾው» አሳየ ነው። ለእኔ ሁሉም አንድ ሆኑብኝ። እንዳይደጋገም እያቀያየርኩ ልጻፋቸው?

እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኛል። ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ነገር «ይመስላል» ብዬ ስጽፍ ሥራዬን በእጄ የማራክስ መሰለኝ። የምታውቁ ርዱኝ።

መልስ፦ የድሮ መምህር (ደሴ)

አብሽሪ ልጄ። እኔ እዚህ ደሴ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው የሸበትኩት። «እንጀራ ሐሳብ ያቀርባል እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ግን አንድም አልነበረም። የነገሩን እምብርት ነው የነካሽው። ላስረዝም ነውና ታገሺኝ።

ከደጅሽ ልጀምር። ቦርከና ዳር ነኝ ብለሻል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው እንበል። ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደም። ከደሴ በኩል የሚወርደው ወንዝ ግን ደፍርሶ፣ ጭቃ መስሎ፣ ቅርንጫፍ ተሸክሞ መጣ። ምን ትያለሽ? «ደሴ ላይ ሳይዘንብ አልቀረም» ትያለሽ። ዝናቡን አላየሽም። ያየሽው ድፍርስ ውሃ ነው። ከውሃው ተነስተሽ ነው ዝናቡ ጋ የደረስሽው። ያቺ «ሳይዘንብ አልቀረም» የምትለዋ ነገር፣ ልጄ፣ ሰጀስት ናት። ማንም ሳያስተምርሽ ስትያት ኖረሻል።

አሁን ደግሞ እህትሽ ከደሴ ደውላ «ኧረ እዚህ ዶፍ ነው!» ብትልሽ፣ ለጎረቤት «ደሴ እየዘነበ ነው አለች» ብለሽ ታወሪያለሽ። «አለች» የምትለዋን አትረሺም። ራስሽ ደሴ ፒያሳ ቆመሽ ከበሰበስሽ ግን «ዘነበ» ነው፤ አለቀ። በስብሰሽ ገብተሽ «የዘነበ ይመስላል» ብትይ ሰው ግራ ይገባዋል። እንግሊዝኛ ከአንቺ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አዲስ ነገር አይደለም።

ልዩነቱ ቦታው ላይ ነው። እኛ ጥርጣሬያችንን ማሰሪያው ላይ እናኖረዋለን። አድማጭ እስከ መጨረሻ ይጠብቃል። እንግሊዝኛ ግን ነገሩ ገና ሳይነገር ያስቀድመዋል። «ዘ ሪዘልትስ ሰጀስት ዛት» ሲል፣ ከ«ዛት» በኋላ የሚመጣው ግምት መሆኑን አንባቢው ቀድሞ ያውቃል። አማርኛ እያሰብን እንግሊዝኛ ስንጽፍ ያቺን ቦታ እናልፋታለን። መጨረሻው ላይ ደግሞ ማስቀመጫ የለም። እንዲህ እያለ «ይመስላል»ችን መንገድ ላይ ይቀራል፤ የሚደርሰው «ነው» ብቻ ነው።

ወደ መዝገበ ቃላቱ ስንመጣ፣ አልዋሸሽም። ባለቤቱ ሰው ሲሆን «ሰጀስት» ሐሳብ አቀረበ ነው። ባለቤቱ ማስረጃ ሲሆን ግን ሌላ አማርኛ ይፈልጋል። ብዙ ሰው «ይጠቁማል» ይላል፤ ደህና ነው። እኔ ግን «ያሰኛል» የሚለውን እመርጣለሁ። ድፍርሱ ውሃ «ዘንቧል» ያሰኛል። ውሃው አይናገርም፤ አንቺን ያናግርሻል። እንጀራሽም ሐሳብ አያቀርብም። አይተሽው «ብርዱ ነው ያቆየው» እንድትይ ያደርግሻል። የምትይው አንቺ ነሽና የተሳሳትሽ እንደሆነ ስሕተቱ የእንጀራው አይደለም።

እያቀያየርኩ ልጻፍ ወይ ያልሽውን ግን አደራሽን ተዪው። ከዜና የለመድነው ነገር ነው። ሬዲዮ ስትሰሚ አንድ ባለሥልጣን መጀመሪያ «ገለጹ» ይባላሉ። ቀጥሎ «አስታወቁ»። ቀጥሎ «ጠቁመዋል»። ሲጨርሱ «አስገንዝበዋል»። ሰውየው ያው ናቸው፤ ንግግሩም ያው ነው። ግሱ የሚለዋወጠው ጆሮ እንዳይሰለች ነው። በዚያው ልማድ እንግሊዝኛ ላይ አንዴ «ፕሩቭ»፣ አንዴ «ሾው»፣ አንዴ «ሰጀስት» እያልን እንበትናለን። የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ግሱ በተለወጠ ቁጥር ማስረጃው የተለወጠ ይመስለዋል። ገጽ 40 ላይ የጠረጠርሽውን ገጽ 42 ላይ ያረጋገጥሽ ይመስለዋል። ማስረጃሽ ያው ከሆነ ግሱም ያው ይሁን። ሦስት ጊዜ «ሰጀስት» ማለት ነውር የለበትም።

ክብደታቸውን በእኔ ሚዛን ልንገርሽ። «ፕሩቭ»ን ለሒሳብ ሰው ተዪለት። ወረቀት ላይ የተሠመረ የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ መሆኑ አንዴ ከተረጋገጠ ተረጋገጠ ነው። አንቺ ግን ነገ ሌላ ሊጥ፣ ሌላ መሶብ፣ ሌላ ክረምት ይመጣብሻል። «ሾው» እና «ዲሞንስትሬት» ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋ የሚባሉ ናቸው። «ኢንዲኬት» መሐል ነው፤ ምልክቱ ግልጽ ነው፣ ግን ምልክት ነው። «ሰጀስት» ከዚያ ይለሰልሳል፤ ወደዚያ ያዘነብላል፣ ሌላም መንገድ ሊኖር ይችላል። «ሲም» እና «አፒር» የእኛ «ይመስላል» ናቸው።

አሁን ቅር ስላለሽ ነገር። ያየሽውን አለዝቢ ያለሽ የለም። «የኮምቦልቻው በሦስተኛው ቀን ሻገተ» የሚለውን ቀጥ አድርገሽ ጻፊ። አየሽው፣ መዘገብሽው፤ ማንም አይነጥቅሽም። እዚያ ላይ «ይመስላል» ብትጨምሪ አማካሪሽ እንደገና በቀይ ይከቡታል። የሚለዝበው «ምክንያቱ ሙቀት ነው» የምትይው ብቻ ነው። ሙቀቱ እንጀራውን ሲያሻግተው ቆመሽ አላየሽም። ሻጋታው ድፍርሱ ውሃ ነው። ሙቀቱ ዝናቡ ነው። ይህን ለይተሽ የጻፍሽ ቀን ሥራሽ አይረክስም። ያየሽው ሙሉ ዋጋውን ያገኛል፣ የገመትሽውም የራሱን።

ሁለት ሦስት ጥቃቅን ነገር። «ሰጀስት ሚ» አይባልም። «ኤቪደንስ» አይበዛም፤ መጨረሻው ላይ «ስ» አትጨምሪበት። ስትመክሪ «አይ ሰጀስት ዛት ሂ ጎ» ይባላል፤ ግሱ ባዶውን ይቀመጣል። ማስረጃ ሲጠቁም ግን ግሱ እንደ ወትሮው ይረባል፦ «ሰጀስትስ ዛት ኮልድ ስሎውስ»። ብዙ የተማሩ ሰዎች እዚህ ላይ ሲደናቀፉ አይቻለሁ።

መልስ፦ ባዮሎጂ ነኝ (ደሴ)

ጋሼ ያሉትን ቋንቋ አልደግምም። እኔን የያዘኝ «ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋ» ያሉት ነው። እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኮምቦልቻውን «ወዲያው መሶብ ውስጥ ከተትኩ» ብለሻል። ትኩሱን ነው? የደሴውንስ በፌስታል ከማድረግሽ በፊት አቀዝቅዘሻል? ትኩስ እንጀራ ተከድኖ ሲቀመጥ ያልበዋል። ሻጋታ ደግሞ እርጥበት ይወዳል። አንዱ ከነእንፋሎቱ ገብቶ ሌላው ሰፌድ ላይ በርዶ ከሄደ፣ ልዩነቱን ያመጣው የከተማው አየር ነው ወይስ እንፋሎቱ? የእናትሽ መሶብ ፀሐይ ላይ ይሰጣል? ያንቺስ? አማካሪሽ «ፕሩቭ»ን የከበቡት ለዚህ ይመስለኛል።

ስለ «ሰጀስት» ሁለት ትርጉም አንድ የምወደው ምሳሌ አለኝ። በፈረንጆች 1953 ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። ጽሑፉ ከአንድ ገጽ ብዙም አያልፍም። መክፈቻው ላይ ስለ ዲኤንኤ አንድ ቅርጽ «ሰጀስት» ማድረግ እንወዳለን ይላሉ። ይህ «ሐሳብ አቀረበ» ነው፤ ባለቤቶቹ ሰዎች ናቸው። ወደ መጨረሻው ደግሞ የዲኤንኤ ክፍሎች በጥንድ በጥንድ የሚገጣጠሙበት መንገድ ራሱ፣ የዘር ቁሱ እንዴት እንደሚባዛ አንድ ሊሆን የሚችል መንገድ «ሰጀስትስ» ይላሉ። እዚህ ባለቤቱ ማስረጃው ነው፤ ጋሼ «ያሰኛል» ያሉት ይህ ነው። ያንን ሁሉ ዓለም የለወጠ ነገር ይዘው «ፕሩቭ» አላሉም። መሴልሰንና ስታል የተባሉ ተመራማሪዎች ዲኤንኤ ሲባዛ ምን እንደሚሆን በሙከራ ያሳዩት በ1958 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ያቺ «ሰጀስትስ» ባለችበት ልክ ነበረች።

ወደ አገራችን ስንመጣ ድንቅነሽ አለች። ከኮምቦልቻ በባቲ ወርደን አፋር ነው፣ ሐዳር። በፈረንጆች 1974 ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የጉልበቷና የዳሌዋ አጥንት በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ያመለክታል። እዚህ ላይ «ኢንዲኬት» ብትይ የሚከራከርሽ ጥቂት ነው። እንዴት ሞተች ሲባል ግን ሌላ ነው። በ2016 የወጣ ጥናት የአጥንቶቿ ስብራት ከዛፍ ወድቃለች ያሰኛል አለ። ካገኟት ሰዎች አንዱ የሆኑት ዶናልድ ጆሃንሰን ሳይቀሩ አልተቀበሉትም። እንዲህ ያለ ስብራት ከሞት በኋላም ይመጣል ነው ክርክሩ። አጥንቱ ያው አጥንት ነው። ለአካሄዷ የበቃው ማስረጃ ለአሟሟቷ አልበቃም።

ጠያቂዋ፦ ከቦርከና ዳር

ወይኔ ጉዴ! ትኩሱን ነው የከተትኩት። ሁለቱንም ጊዜ። የደሴውን ደግሞ ፌስታሉ እንዳያልበው ብዬ ሰፌድ ላይ በደንብ አቀዝቅዤው ነበር። አሁን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። አማካሪዬ «እንዴት አወቅሽ?» ያሉት ይህንን ነው ማለት ነው። እኔ በእንግሊዝኛዬ የመጡብኝ መስሎኝ ሌሊቱን ሳለቅስ ነበር ያደርኩት።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቦርከናውን ምሳሌ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። «ታዲያ ይሄ ምን ትምህርት ይፈልጋል?» አለች።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የቀደሙ ጥናቶች ምዕራፌ ላይ የጠቀስኩትን ሰው ሁሉ «ክሌምስ» ብዬዋለሁ። የምስማማበትንም የማልስማማበትንም። እሱም ይከበብ ይሆን?

መልስ፦ ተመርቄያለሁ (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ እኔ በተቃራኒው ነው የወደቅኩት፤ እንዳትደግሚው ልንገርሽ። «ፕሩቭ» አትበል ስባል ፈራሁ። ሁሉን ነገር አለዘብኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ «ኢት ሜይ ፖሲብሊ ሲም ቱ ሰጀስት» ብዬ ጻፍኩ። በአማርኛ «ምናልባት ሊመስል ይችል ይሆናል ሳያሰኝ አይቀርም» እንደማለት ነው። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ አነበቡትና «አንተ ልጅ፣ አገኘህ ወይስ አላገኘህም?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ያገኘሁት ነገር ነበር እኮ። ደብቄው ነው።

አንድ ማለዘቢያ ይበቃል። «ሰጀስት» ካልሽ «ሜይ»ን ተዪው። «ሜይ» ካልሽ «ፖሲብሊ»ን ተዪው።

ከዚያ ወዲህ የሚያረጋጋኝ የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች አጻጻፍ ነው። በይነ መንግሥታቱ ፓነል ሪፖርቱ ላይ ቃላቱን ለክቶ ነው የሚጠቀመው። «ላይክሊ» ሲል ከ66 በመቶ በላይ ማለቱ ነው። «ቬሪ ላይክሊ» ከ90 በላይ። በፈረንጆች 2021 ግን ሰው ምድርን ማሞቁን ሲጽፉ «አንኢክዊቮካል» አሉ። የማያሻማ ማለት ነው። ለዓመታት ሲጠነቀቁ ኖረው፣ ማስረጃው ሲሞላ ሞልተው ተናገሩ። አንቺም የሞላልሽን ሙሉ አድርገሽ ተናገሪ።

መልስ፦ የድሮ መምህር (ደሴ)

ልክ ነው፣ ልጄ ተመራቂው። ማለዘብና መደበቅ ይለያያሉ።

«ክሌም»ን ስለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ይከበባል። «ክሌምስ» ስትይ «ይላል እንጂ እኔ የለሁበትም» እያልሽ ነው። ሰውየውን ሳታውቂ ታሚዋለሽ። የምትስማሚበትን ሰው «ፋውንድ» ወይም «ሾውድ» በዪው። «አርጊው» ደግሞ መዝገበ ቃላቱ ላይ «ተከራከረ» ቢልም ጠብ የለበትም። ምክንያት ደርድሮ አቋም ለያዘ ሰው ነው። «ኖት» ልብ ብሎ ላነሳ ነው። እነዚህን ስትመርጪ የሰውየውን ጽሑፍ መለስ ብለሽ እዪው፤ ምን ያህል አጥብቆ ነው ያለው? እሱ «ሰጀስት» ያለውን አንቺ «ፕሩቭድ» ብለሽ ካቀረብሽው ያላለውን አስባልሽው። ይህ ለእኔ ከሰዋስው ስሕተት በጣም ይብሳል።

«ኢምፕላይ» እና «ኢንፈር» እንዳይምታቱብሽ። ማስረጃው «ኢምፕላይ» ያደርጋል፣ አንቺ «ኢንፈር» ታደርጊያለሽ። ወንዙ ይጠቁማል፣ አንቺ ትደርሺበታለሽ። «ዘ ሪዘልትስ ኢንፈር» ብለሽ እንዳትጽፊ።

የራሳችንን ከተማ ስም እዪ። አፄ ዮሐንስ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን ደሴ አሉት ይባላል። ይህን ለልጆቻችን ስንነግር «ይባላል» የምትለዋን አንጥልም። ስለምንጠራጠር ብቻ አይደለም። ከማን እንደሰማነው ስለምናከብር ነው። እንግሊዝኛው «ኢዝ ሰድ ቱ» ይላታል። እሷንም ያዣት፤ ስለ መሶብና ስለ አብሲት እናቶች የነገሩሽን ስትጽፊ ትጠቅምሻለች።

ጠያቂዋ፦ ከቦርከና ዳር

ዘጠኙንም ክቦች ዛሬ አየኋቸው። አራቱ ላይ የጻፍኩት ያየሁትን ነበር፤ «ፕሩቭ»ን አውጥቼ «ወዝ ኦብዘርቭድ» (ታየ) አልኩ፤ ምንም አላለዘብኩም። አምስቱ ምክንያት የሰጠሁባቸው ናቸው። እነሱን «ሜይ ቢ ዱ ቱ» (ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል) አደረግኳቸው። «ሰጀስት» እንኳ በዛባቸው መሰለኝ፤ እንፋሎቱ ገና አልተለየማ። ስለ እንፋሎቱም አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ለአማካሪዬ ደውዬ ነገርኳቸው። «ጎሽ፣ አሁን ድገሚው» አሉኝ።

ቅዳሜ እጋግራለሁ። ሁሉም እንጀራ ሰፌድ ላይ እኩል ሰዓት ይበርዳል። ሁለቱም ግማሽ አንድ ዓይነት ፌስታል ውስጥ ይገባል። የኮምቦልቻውንም እንደ ደሴው በሚኒባስ ሐረጎን አስወጥቼ አወርደዋለሁ። ሁለት አዲስ መሶብ ከገበያ ገዝቻለሁ፤ እናቴ አንዱን ዛሬ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች።